አባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት፦ ለጎጃም ጭነት ማኅበር፣ ኩባንያ፣ የግል መኪና ወይስ በደላላ?

ቡሬ ላይ 400 ኩንታል በቆሎ ተሰፍቶ መጋዘን ተቀምጧል፤ ገዢው አዳማ ነው። አራት ቦታ ተደወለ። ማኅበሩ «ነገ ተራ የደረሰው መኪና ይመጣል» አለ። የራሱ መኪኖች ያሉት ኩባንያ «ውል ይፈረም፣ ከሦስት ቀን በኋላ እንጭናለን» አለ፤ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። ፍኖተ ሰላም ያለው ባለሲኖትራክ «ዛሬ ማታ ደርሼ አድራለሁ» አለ። ደላላው ደግሞ «መኪናው በርዎ ላይ ቆሟል ብለው ይቁጠሩት» አለ፤ ዋጋው ከሁሉም ያንሳል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ዋጋና ቀን ያወዳድራል። ሌላ ነገር ከጨመረም «ማኅበሩ የታወቀ ነው» ወይም «ልጁ የአገራችን ሰው ነው» ይላል። ይህም ከንቱ አይደለም፤ ግን ስለ ፍሬኑ የሚነግረው ነገር የለም። በአገራችን የጭነት መኪና መዝገብ የሚከተለው ሰሌዳውንና የሻንሲ ቁጥሩን ነው፤ ዓርማውን አይከተልም። ስለዚህ ከአራቱ የትኛውንም ቢመርጡ ምርመራው የሚያልቀው መጋዘንዎ በር ላይ በቆመው መኪናና መሪውን በያዘው ሹፌር ላይ ነው። አራቱ የሚለያዩት ይህን ምርመራ ምን ያህል ቀላል ወይም ከባድ ያደርጉታል በሚለው ነው።

መዝገቡ የት የት ነው

አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ጉዳዩን ቢያነሳበት የሚሰማው መልስ ያስቀናል። እዚያ እያንዳንዱ የጭነት ድርጅት «ዩ ኤስ ዶት» የሚባል ቁጥር አለው። ቁጥሩን በመንግሥት ገጽ ላይ ያስገባ ሁሉ ድርጅቱ ስንት መኪና እንዳለው፣ ባለፉት 24 ወራት ስንቴ መንገድ ላይ እንደተፈተሸ፣ ከተፈተሹት ስንቶቹ እዚያው እንዳይንቀሳቀሱ እንደታገዱ፣ ስንት አደጋ እንደተመዘገበበት በነፃ ያያል። እኛ ጋ ይኸው መረጃ በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትኖ ነው ያለው። ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት።

የንግድ ፈቃዱ ቀላሉ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ ገጽ ላይ የፈቃዱን ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን (ቲን፣ 10 አሃዝ) አስገብተው ያያሉ። በውሉ ላይ የሚፈርመው ስምና እዚያ የሚወጣው ስም አንድ መሆኑን፣ የሥራ ዘርፉ የጭነት ማመላለሻ መሆኑን፣ መታደሱን ይመልከቱ። ዘርፉ የኮሚሽን ሥራ ወይም አጠቃላይ ንግድ ከሆነ ሰውየው አጓጓዥ አይደለም፤ አገናኝ ነው። ስለ እድሳቱ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስለዚህ በጥቅምት ያልታደሰ ፈቃድ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በየካቲት ካዩ ግን «ለምን?» ይበሉ።

ከንግድ ፈቃዱ ሌላ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ አለ። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ፈቃድ አለን» የሚል ብዙ ነው፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይጠይቁ።

የመኪናው ፋይል የሚገኘው ሰሌዳውን በሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። የለመድነው ሰሌዳ ላይ ያሉት ፊደላት አድራሻ ናቸው፦ «አማ» ከሆነ ፋይሉ በክልሉ ትራንስፖርት ሥር ነው፤ «ኦሮ» ወይም «አአ» ከሆነ ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ ማጣራት አይቻልም፣ እዚያ ያለ ሰው መላክ ይኖርብዎታል። ኮድ 3 መሆኑንም ይመልከቱ፤ የንግድ ሰሌዳ እሱ ነው። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳና የራሱ ሊብሬ (የባለቤትነት ደብተር) አለው። የጎታቹን ብቻ አይቶ መመለስ ግማሹን መኪና አለማየት ነው፤ ይህን የሚስቱት ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ጭምር ናቸው። ሰሌዳ ይቀየራል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፤ ሻንሲ ግን ከመኪናው ጋር ተወልዶ ከመኪናው ጋር ያረጃል። ማስታወሻ ሲይዙ ሁለቱንም ይያዙ።

የአደጋ መዝገብ በትራፊክ ፖሊስና በመድን ድርጅቱ እጅ ነው። ፖሊስ ለማይመለከተው ሰው ወረቀት አይሰጥም። መድን ድርጅቱም ለእርስዎ አይሰጥም፤ ለደንበኛው ግን ይሰጣል። ስለዚህ አጓጓዡን «ያለፉት 3 ዓመታት የካሳ ጥያቄዎችህን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመድን ድርጅትህ አጽፈህ አምጣ» ይበሉት። ንጹሕ የሆነ ሰው ሁለት ቀን ይፈጅበታል እንጂ አይከብደውም። ነገሩን የሚያጣጥል ሰው መልሱን ሰጥቶዎታል።

አራቱን ሲያስተያዩ

ማኅበር የጎጃም ነጋዴ የለመደው በር ነው። መኪና ቢሰበር ምትክ ይልካል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ዕቃ ቢጎድል ሄደው የሚጮሁበት ጽሕፈት ቤት አለ። ግን መኪኖቹ የአባላት ናቸው። አንዱ አባል ዘይትና ፊልትሮ በሰዓቱ ይቀይራል፤ ሌላው የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እስኪፋጭ ይነዳል። ሁለቱም በር ላይ አንድ ዓርማ ለጥፈዋል፣ ሁለቱም በአንድ ተራ ይሰለፋሉ። ተራ ደግሞ ጎማ አይመርጥም፤ ለእርስዎ የሚደርስዎ ቀድሞ የተመዘገበው ነው።

ስለዚህ ከማኅበር ጋር ሲዋዋሉ ሁለት ነገር አጥብቀው ይያዙ። አንደኛ፣ የሚመጣው መኪና የጎታችና የተሳቢ ሰሌዳ ከጭነቱ በፊት ባለው ቀን ይነገርዎ፤ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያለው የአባሉ ፋይል ኮፒም አብሮ ይላክ። ሁለተኛ፣ «መኪናው ጉድለት ከተገኘበት ጫኙ ሊመልሰው ይችላል፣ ማኅበሩም ቀጣዩን ተራ ይልካል» የሚል ዐረፍተ ነገር ውሉ ላይ ይግባ። ይህ ከሌለ መኪናውን ሲመልሱ «ተራ አበላሹብን» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል፤ ወዛደሩም ቆሞ ይቆጥርብዎታል።

የማኅበሩን ውል ሲያነቡ የመጨረሻውን ገጽ አይዝለሉት። «ማኅበሩ ጭነቱን ከባለንብረቱ ያገናኛል እንጂ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ አይደለም» የሚል መሥመር ካለ የተዋዋሉት ከደላላ ጋር ነው፤ ልዩነቱ ማኅተም ያለው መሆኑ ብቻ ነው። በየብስ የሚደረግ የዕቃ ማጓጓዝን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 547/1999 ኃላፊነቱን የሚጥለው በአጓጓዡ ላይ ስለሆነ፣ አጓጓዡ ማን እንደሆነ በስም መጻፉ የውሉ እምብርት ነው።

የራሱ መኪኖች ያሉት ኩባንያ ለማጣራት ከሁሉም ይቀላል። ሊብሬዎቹ በአንድ ስም ናቸው፤ ጥገናው በአንድ ጋራዥ ነው፤ የመድን ድርጅቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የጂፒኤስ ክትትል የሚያይ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን ማለዳ ሄደው ሦስት መኪና በነሲብ መርጠው የጥገና ካርዳቸውን ቢጠይቁ በግማሽ ሰዓት ብዙ ይማራሉ፦ የፍሬን ሸራ መቼ ተቀየረ፣ ጎማ በስንት ኪሎ ሜትር ተነሳ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተበላሸው ምን ነበር። ካርዱ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ቀን የተሞላ ከመሰለ ለእርስዎ ሲባል ትናንት የተጻፈ ነው።

የኩባንያ ድክመት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሥራ ሲበዛበት የውጭ መኪና ተከራይቶ በራሱ ስም ይልካል። ማዳበሪያ በሚገባበት የበልግ ማብቂያና እህል በሚወጣበት በበጋ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ ውሉ «የሚጭነው መኪና ሊብሬ በኩባንያው ስም ይሆናል፤ ካልሆነ ቀድሞ ይገለጻል» ይበል። ሁለተኛው፣ ኩባንያ የሚወደው የዓመት ውልና ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ለ80 ኩንታል ጤፍ ብሎ ብቸና ድረስ መኪና አይልክም።

አንድ ወይም ሁለት መኪና ያለው ባለንብረት ወይ ከሁሉም የተሻለ ነው ወይ ከሁሉም የከፋ። ራሱ የሚነዳ ሰው የሕይወቱ ሀብት ያ መኪና ስለሆነ ድምፅ ሲቀየር ይሰማል፤ ለሹፌር ሰጥቶ ባሕር ዳር የተቀመጠ ደግሞ መኪናው በወር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እንጂ እንዴት እንደተመላለሰ አያውቅም። ትልቁ ወጥመድ ስሙ ያልዞረ መኪና ነው፦ መኪናው በውል ተሽጧል፣ ሊብሬው ግን በፊተኛው ሰው ስም እንደሆነ ነው። አደጋ ቢደርስ አንዱ «ሸጫለሁ» ይላል፣ ሌላው «በስሜ አይደለም» ይላል። እንዲህ ከሆነ የሽያጩ ውልና በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና አብሮ ካልቀረበ አይጫን። ሊብሬው ላይ የባንክ እገዳ ካለስ? ሰው ይህን እንደ ነውር ያየዋል፤ በእኛ ግምት ግን ለእርስዎ ከጉዳቱ ጥቅሙ ይበልጣል። ባንክ ላበደረበት መኪና ሙሉ መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ሰውየውም መኪናውን ይዞ የትም አይጠፋም።

ደላላ መዝገብ የለውም፤ ያለው ስልክ ነው። በጥርና በየካቲት የጎጃም እህል አንድ ላይ ሲወጣ ከደላላ ያመለጠ ነጋዴ እምብዛም ስለሆነ «አትጠቀሙ» ማለት ለወጉ ያህል ነው። መኪናውን ይፈልግልዎት፤ ውሉን ግን ከባለንብረቱ ጋር ይፈርሙ። ኮሚሽኑን ለደላላው ለብቻው፣ መኪናው ተመርምሮ ከተጫነ በኋላ ይክፈሉ። የመጓጓዣው ሒሳብ በደላላው ሒሳብ ቁጥር አይለፍ። ዕቃ ይዞ የጠፋ መኪና ታሪክ ሲተነተን መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሐሰተኛ ሰሌዳ፣ የተዘጋ ስልክ፣ «እኔም መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት» የሚል ደላላ።

አደጋ ሲቆጠር በመኪና ይካፈል

ሁለት አጓጓዦች የካሳ ደብዳቤ አመጡ እንበል። አንዱ 60 መኪና ኖሮት በ3 ዓመት 6 አደጋ፣ ሌላው 4 መኪና ኖሮት 2 አደጋ። ዓይን ቶሎ የሚያርፈው 6ቱ ላይ ነው። ሲካፈል ግን የመጀመሪያው ለ10 መኪና 1፣ ሁለተኛው ለ2 መኪና 1 ነው። አነስተኛ ቁጥር ደግሞ ያታልላል፤ 4 መኪና ያለው ሰው አንድ መጥፎ ቀን ስሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ለትንሹ አጓጓዥ ቁጥሩን ትተው የአደጋውን ዓይነት ይጠይቁ። ቆሞ ሳለ ከኋላ የተገጨና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከድቶት የተገለበጠ እኩል አይደሉም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ የተጻፈበት አጓጓዥ ችግሩ ዕድል አይደለም፣ ጋራዡ ነው።

ሊብሬውን እንዲህ ያንብቡት

ኮፒ አይቀበሉ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶም ለመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ ይሁን። ዋናው ደብተር ሲቀርብ ከሰሌዳው በፊት ሻንሲውን ያመሳክሩ። ቁጥሩ በአብዛኛው የጭነት መኪና ላይ ከፊት ጎማ አጠገብ በዋናው የሻንሲ ብረት ላይ ተመትቷል፤ ጭቃና ግራሶ ስለሚሸፍነው ጨርቅና ትንሽ ናፍጣ ይያዙ። ካጸዱት በኋላ ነጭ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ ቢያሹት ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ያ ወረቀት ከውሉ ጋር ይቀመጥ። አዲሱ ዓይነት ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ ነው፤ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከቁጥር ጋር ስለሚምታቱ አይገቡበትም። ቻይና የተሠራ መኪና በ«ኤል» ይጀምራል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች ግን አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው በዚህ አይጠርጥሩዋቸው። የሚያጠራጥረው ቁጥሩ አካባቢ ብቻ አዲስ ቀለም፣ የግራይንደር ጭረት ወይም ብየዳ ሲታይ ነው።

ቀጥሎ ክብደቱ። ሊብሬው ላይ ጠቅላላ ክብደትና ነጠላ (ባዶ መኪናው) ክብደት ተጽፈዋል። ጠቅላላው 16,000 ኪሎ፣ ነጠላው 6,000 ኪሎ ከሆነ መኪናው መጫን የሚችለው 10,000 ኪሎ፣ ማለትም 100 ኩንታል ነው። ሹፌሩ «130 ይችላል፣ ሁልጊዜ እጭናለሁ» ቢልዎ መኪናው መነሳት መቻሉን ነው የነገረዎ፤ መቆም መቻሉን አይደለም። ትርፉ 30 ኩንታል ኪራይ ቢያስቀንስም ሚዛን ላይ ያስቀጣል፤ መድን ድርጅትም ካሳ ላለመክፈል መጀመሪያ የሚያነሳው ምክንያት ከልክ በላይ ጭነት ነው። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል የተደረበበት መኪና ካዩ ትርፍ መጫን ልማዱ እንደሆነ ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

ቦሎው ዓመታዊ ምርመራ ማለፉን ያሳያል፤ በወረቀት ደረጃ። መኪናው ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ተመርምሮ ይሁን ወይም ወረቀቱ ብቻ ተጉዞ ይሁን ቦሎው አይናገርም። የምርመራ ማዕከሉ የሰጠውን የውጤት ወረቀት ይጠይቁ፤ በፍሬን መፈተሻ ማሽን ላይ የወጣ መኪና የግራና የቀኝ ጎማ የፍሬን ጉልበት በቁጥር ተጽፎለታል። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ከሆነ መኪናው ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

መድኑ የማንን ኪስ ይሸፍናል?

መስታወቱ ላይ ያለው የሦስተኛ ወገን ተለጣፊ አስገዳጅ ነው፤ መሠረቱም አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። የሚሸፍነው በመኪናው ምክንያት በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። የእርስዎን በቆሎ አይሸፍንም። ሙሉ መድን አለኝ የሚለው ባለንብረትም የሸፈነው መኪናውን ነው፤ አሁንም በቆሎው ውጭ ነው። ዕቃዎን የሚሸፍነው ለብቻው የሚገዛ የጉዞ ጭነት መድን ሲሆን፣ አጓጓዡ አለኝ ካለ ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ካሳው ለማን ይከፈላል፣ ለአንድ ጉዞ ጣሪያው ስንት ነው፣ ምን ምን አይሸፍንም።

ኩንታሉ 5,000 ብር ቢሆን 400 ኩንታል 2,000,000 ብር ነው። የአጓጓዡ ጣሪያ 500,000 ከሆነ ሩብ ዕቃዎ ብቻ ነው ሽፋን ያለው። ልዩነቱን ራስዎ ይግዙ፤ ዋጋውንም ለአጓጓዡ ከሚከፍሉት ኪራይ ጋር ደምረው ያወዳድሩ። ርካሽ የመሰለው መኪና መድኑ ሲደመርበት ከኩባንያው ጋር እኩል የሚሆንበት ጊዜ አለ። መድን ሲገዙም የዕቃውን ሙሉ ዋጋ ያስመዝግቡ፤ ግማሹን ያስመዘገበ ሰው ዕቃው በከፊል ቢጎዳ እንኳ የጉዳቱን ግማሽ ነው የሚያገኘው።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ባለው የክልሉ ሁኔታ መዘንጋት የሌለበት ሌላ ነገር አለ። መደበኛው ውል ጦርነትንና ሕዝባዊ ሁከትን አይሸፍንም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን የሚባል ተጨማሪ አለ፤ ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይከፈላል። መንገድ ተዘግቶ መኪናው ቢቆም የቀን አበሉን ማን እንደሚችል፣ ዕቃው ሌላ መጋዘን ቢወርድ ማን እንደሚወስን ውሉ ላይ ይጻፍ።

በር ላይ፣ መኪናው ሲደርስ

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ እህል ደጀን ላይ ይደርስና ወደ አባይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ በኋላ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከአፋፍ እስከ አፋፍ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጥላል። በጭነት የሚወርድ መኪና ይህን ሁሉ የሚይዘው በሁለት ነገር ነው፦ በሞተሩና በፍሬኑ። ሞተሩ ካልያዘ ሁሉም ሸክም ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ የሚከተለው ምርመራ ከወረቀት ሁሉ በላይ ነው፤ 20 ደቂቃ አይፈጅም።

መኪናው ገና እንደደረሰ፣ ጎማው ሳይበርድ፣ መዳፍዎን ሳያስነኩ በእያንዳንዱ ቸርኬ አጠገብ ያሳልፉ። ሁሉም ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ፍሬኑ አይሠራም፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ደግሞ ፍሬኑ አይለቅም ወይም ኩሽኔታው ሊሄድ ነው። የተሳቢው ቸርኬዎች በሙሉ ቀዝቃዛ ከሆኑ ተሳቢው ያለ ፍሬን ነው የመጣው።

ከዚያ የፍሬኑ አየር። ሞተሩ ተነስቶ የአየር ሰዓቱ እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ 1 ደቂቃ ይያዝ። መርፌው ከ0.3 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ጸጥ ካለ ሲሽታውም ይሰማል። ቀጥሎ ወደ ተሳቢው የሚሄደው ቀዩ ጎማ ቱቦ ይነቀል። ተሳቢው በዚያች ቅጽበት ራሱን መያዝ አለበት። ሹፌሩ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲስብ ተሳቢው ከተከተለ መኪናው ይመለስ፤ «ጋራዥ ነግሬያለሁ» የሚል መልስ አይበቃም።

ጎማ ላይ፣ የፊቶቹን ከኋላዎቹ ለይተው ይዩ። ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ፦ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የፊት ጎማ ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ ወይም እንደገና የተለበደ ከሆነ ለአባይ በረሃ አይሆንም። መንታ የኋላ ጎማዎች መካከል ድንጋይ ተቀርቅሮ እንደሆነ ረዳቱ ያሳይዎት።

ሹፌሩን ፈተና እንደሚፈትኑ አድርገው ሳይሆን ቡና እየጠጡ «ደጀንን በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወርደው?» ይበሉት። ጥሩ ሹፌር አፋፉ ላይ ቆሞ ጎማና ፍሬን አይቶ፣ በወጣበት ማርሽ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ እንደሚወርድ፣ የሞተር ፍሬን እንደሚጠቀም ይነግርዎታል። ናፍጣ ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የሚለቅ ሹፌር ይህን በኩራት ሊነግርዎ ይችላል፤ አመስግነው ይሸኙት። በጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ውሃ እንደሚያፈስ የሚነግርዎትም እንዲሁ ነው፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ጂፒኤስ ካለው የመጨረሻ ሁለት ጉዞውን የፍጥነት ዝርዝር ባለንብረቱ ያሳይዎት፤ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ቁጥር ከአፉ ጋር ይስማማ። መንጃ ፈቃዱ ለተሳቢ የሚፈቅድ የደረቅ ጭነት ደረጃ መሆኑንና ቀኑ አለማለፉን ማየት ከዚህ ሁሉ አጭሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያስጭን የዋለ ሹፌር ሌሊት እንዳይነሳ ይከልክሉ፤ ሁለተኛ ሹፌር ካለ ደግሞ የሁለቱም ፈቃድ ይታይ።

ለየትኛው ጭነት የትኛው?

ለእህል፣ መጠኑ ትልቅ ሆኖ በየወሩ የሚደጋገም ከሆነ ኩባንያ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ የመመለስ መብት ያለበት የማኅበር ውል ይሻላል። እህል ከመጫኑ በፊት ሳጥኑ ይጠረግ፤ ትናንት ማዳበሪያ ወይም ሲሚንቶ ጭኖ የመጣ መኪና ወለሉ ላይ የቀረው ለከረጢት አይበጅም። ሸራውን ዘርግተው ወደ ፀሐይ ይዩት፣ ቀዳዳው በብርሃን ይታያል። በክረምት ዩሪያ ለሚያስመጣ ይህ በእጥፍ ነው፤ ዩሪያ እርጥበት ካገኘ ድንጋይ ይሆናል።

ለአዊ ድንችና ለቆጋ አትክልት ፍጥነት ስለሚበልጥ የሚታወቅ የግል ባለንብረት፣ ያውም ራሱ የሚነዳ፣ ከሁሉም ይሻላል። ተራ ሲጠብቅ የሚበሰብስ ዕቃ ለማኅበር አይሆንም።

ከሰልና የባሕር ዛፍ አጣና የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የይለፍ ወረቀቱ ሳይሟላ መኪና አይጠራ፤ ኬላ ላይ የሚቆም መኪና የቀን አበል ይቆጥራል። አጣና ቁልቁለት ላይ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ከካቢናው በስተኋላ ጠንካራ የብረት ግድግዳ የሌለው መኪና ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ከሰሉ ውስጡ ሳይበርድ ከተጫነ ነፋስ ሲያገኝ ይቀጣጠላል፤ አንድ ቀን ተዘርግቶ ማደሩ ከመድን ይሻላል።

የማጓጓዣ ሰነዱ በ3 ቅጂ ይሁን፦ አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ ከሹፌሩ ጋር፣ አንዱ ለአጓጓዡ። የጎታቹና የተሳቢው ሰሌዳ፣ ሻንሲ፣ የሹፌሩ ስምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የከረጢት ብዛት፣ የሚዛን ክብደት፣ የሚወርድበት ቦታ ይግቡበት። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ሰሌዳው ከሸራው ጋር አንድ ላይ በሚታይበት ቦታ ፎቶ ያንሱና ለገዢው ይላኩት። አዳማ ላይ የደረሰው መኪና ሰሌዳው ከፎቶው የተለየ ከሆነ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ወደ ሌላ መኪና ተዛውሯል ማለት ነው። ገዢው ከረጢት ሳይቆጥርና ሳይመዝን፣ «የተለየ መኪና ነው ያደረሰው» ብሎ ሰነዱ ላይ ሳይጽፍ አይፈርም፤ ቀሪው ኪራይም እስኪጣራ ድረስ ይያዛል።